ብረትም ይደክማል

ወይራ አምባ፤ የካቲት ፳፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለዶክተር ኢዮስያስ፤

ጾሙ እንዴት ይዞሃል? እናትህ እታገኘሁስ፣ ያ ደም ግፊቷ ተመለሰላት ወይ? እኔ ጌታ ይመስገን፣ ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ አልጋ እያልሁ ነው። በክራንቹ ስሄድ ባንቺአየሁ ከኋላዬ እየተከተለች "ቀስ በል!" ትለኛለች። ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር ስንኖር እንዲህ ተከትላኝ አታውቅም።

ስለ ቁስሉ ለጠየቅኸኝ፣ ደርቋል። መግል የለውም፣ ትኩሳትም የለኝ። ስፌቱን ጤና ጣቢያ ፈቱልኝ፤ መድኃኒቱንም ሳላጓድል ጨርሻለሁ። የስልኩ መስመር ከጠፋ ወዲህ በወረቀት መጠያየቃችን አልከፋኝም። እንኳየሁ ድንቿን ጭና ጎንደር በወረደች ቁጥር ታደርስልኛለች። ወረቀቱ አፈር አፈር ቢሸትህ ከድንቹ ነው፣ ይቅር በለን።

አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የጻፍሁት። ሆስፒታል ሳለሁ ላነሣው ፈልጌ ሰው በዛብኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደል ገብቼ ዳሌዬ ሲሰበር ያስገባህልኝ ብረት፣ በጥር አሥራ አንድ ከጥምቀተ ባሕሩ ስንመለስ ጭኔ ውስጥ ለሁለት ተሰበረ። ደግመህ ከፍተህ አወጣኸው፤ ሌላም ተካህልኝ፤ ዕድሜ ይስጥህ። ግን ለምን ተሰበረ? ስጠይቅህ "ብረት ነው አባ፣ ይሰበራል" አልኸኝና ፊትህን ወደ መስኮቱ አዞርህ።

እዚህ ያለው ሰው ለምን እንደተሰበረ አውቆ ጨርሷል። ያን ሰዓት ታቦቱ በራሴ ላይ ነበር። ቄሰ ገበዝ ህሩይ ከጎኔ ነበርና ተሽቀዳድሞ ተቀበለኝ፤ መሬት አልነካም፤ ስለዚህ ሳመሰግን እኖራለሁ። ሰው ግን "ገብርኤል አልቀበለው አለ" ይላል። ምን ሠርቶ ይሆን ይላል። ህሩይም ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ እህል ውኃ ሳይቀምስ፣ "እስከ ሆሳዕና ራስህን መርምር፤ ያን ዕለት ሰበካ ጉባኤው ተቀምጦ ይወስናል" ብሎኝ ሄደ። እግሬ ቢሽርም መቅደስ አልገባም ማለት ነው።

ስለዚህ የምታውቀውን ጻፍልኝ። ብረቱስ የት ደረሰ?

የንስሐ አባትህ፣
ቄስ ቢያዝን


ጎንደር፤ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለንስሐ አባቴ ለቄስ ቢያዝን፤

አባ፣ ይፍቱኝ። ደብዳቤዎ በጊዜው ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እናቴ ደኅና ናት፣ ሰላም ብላለች።

ብረቱ እኔ ጋ ተቀምጧል። ስለ አሰባበሩ ለጠየቁኝ፣ ማንኛውም ሰው ሠራሽ ነገር ዕድሜ አለው። በእኛ ትምህርት ብረትም ይደክማል ይባላል። ሽቦ በእጅ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ በመጨረሻ እንደሚበጠሰው ማለት ነው። ከባድ ሸክም ሲጨመርበት ደግሞ ቶሎ ይደክማል።

ፋይልዎን አውጥቼ አይቼዋለሁ። ከመጀመሪያው ኦፕሬሽን በኋላ "ከባድ ነገር ይሸከማሉ ወይ?" ብዬ ጠይቄዎት "አልሸከምም" ብለዋል። በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። ታቦት እንደሚሸከሙ ነግረውኝ ቢሆን እከለክልዎት ነበር። ክብደቱ በኪሎ ስንት ይሆን? ለመዝገቡ ያስፈልገኛል።

ይህን የምጽፈው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም።

ልጅዎ ኢዮስያስ


ወይራ አምባ፤ መጋቢት ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለኢዮስያስ፤

ምነው ልጄ፣ ተቀየምኸኝ? የመጀመሪያው ወረቀትህ "እንዴት ሰነበቱ አባዬ" ብሎ ነበር የጀመረው፤ ይኼኛው የወረዳ ደብዳቤ መሰለብኝ። ማኅተም ብቻ ነው የጎደለው።

ኪሎውን ጠየቅኸኝ። ይህ አይጠየቅም። እንኳን ሚዛን ላይ ሊወጣ፣ ከእንጨት ይሁን ከድንጋይ ለመናገርም አልተፈቀደልኝም። ያን ጊዜ "ይሸከማሉ?" ስትለኝ እህልና እንጨት ነው የመሰለኝ። እነዚያን አልሸከምም፤ አህያ አለችኝ፣ ደግሞም ባንቺአየሁ አለች፣ እግዚአብሔር ይማረኝ። ታቦት ግን ይከበራል እንጂ ይሸከሙታል አይባልም። "ታቦት ያከብራሉ ወይ?" ብለኸኝ ቢሆን "ሠላሳ ዓመት ሙሉ" ብዬ ደረቴን ነፍቼ በነገርሁህ። አንተም ክርስትና የተነሣኸው እዚሁ፣ በእኔ እጅ ነው። ቃሉን የምታውቀው መስሎኝ ነበር።

ቢሆንም ነገሩ ገባኝ። አንተ ጠይቀሃል፣ እኔ አልነገርሁህም፣ ብረቱ ተሰበረ። ፋይሉ ላይ የጻፍኸው እውነት ነውና አትጨነቅ። ቢጠይቁህም አሳያቸው። አንድ ሽማግሌ ቄስ በቃል ምክንያት ተሰናክሎ የልጄ ስም እንዲነሣ አልፈልግም።

የከበደኝ ሌላው ነው። ህሩይ እንዳለኝ ራሴን መረመርሁ። የድንበር ጠብ አገኘሁ፣ ከወንድሜ ጋር ተኳርፈን የከረምነውን አገኘሁ፣ በቅዳሴ ላይ የተኛሁበትን ሁሉ ቆጠርሁ። ኃጢአትስ ሞልቶኛል፤ ለዚህ ልኩ የሚሆን ግን አጣሁ። ሦስት ቤት የንስሐ አባት ቀይረዋል። ሲቀይሩ አልነገሩኝም፣ ከሰው ነው የሰማሁት። ባንቺአየሁ ምንጭ የምትወርደው ሴቶቹ ከተመለሱ በኋላ ሆኗል። እኔ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ደወሉን እሰማለሁ። የገዛ ቤቴን ሰላምታ እንደተከለከልሁ ያህል ነው የሚሰማኝ።

በል ደኅና ሁን። ሥራህ ከበዛ አትመልስልኝ።

ቄስ ቢያዝን


ጎንደር፤ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባ፣ ይፍቱኝ።

ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ እርስዎን ባገኘሁ ቁጥር ስለው ኖሬአለሁ፤ እንደ "ደኅና ዋሉ" ነበር የምለው። ዛሬ ግን ልናዘዝ ነው። "አትጨነቅ" ያሉኝን ሳነብ በሥራ ሰዓት፣ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ጥፋቴ ሁለት ነው። ያስገባሁልዎት ዘንግ ልክዎ አልነበረም። የእርስዎ አጥንት ሰፊ ነው፤ ወፍራም ዘንግ ይፈልግ ነበር። በዚያ ሳምንት ወፍራሙ አልቆ የቀሩት ቀጫጭኖቹ ነበሩ። ሌላ እስኪመጣ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይፈጅ ነበር፤ እርስዎ ደግሞ ከመተኛት ብዛት ጀርባዎ መቁሰል ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ቀጭኑን አስገብቼ ክፍተቱን ሲሚንቶ በምንለው ማጣበቂያ ሞላሁት። እዚህ ላይ ብቻ ቢቀር ማንም ሐኪም አይፈርድብኝም። ግን ለእርስዎ አልነገርኩም፤ ፋይሉም ላይ አልጻፍኩም። እናቴ "ልኩ ነው?" ስትለኝ "ልኩ ነው" አልኳት።

ሁለተኛው ይከፋል። በዓመቱ ለምርመራ ሲመጡ ራጅ አስነሣሁዎት። ከላይ በኩል፣ በብረቱና በሲሚንቶው መካከል ጥቁር መስመር አየሁ። ከፀጉር ብዙም አይወፍርም ነበር። ትርጉሙን አውቀዋለሁ፤ ብረቱ ከታች ጥብቅ ብሎ ተይዞ ከላይ ለቋል ማለት ነው። ሥሩ የተቀበረ ችካል ጫፉን ሲወዘውዙት እንደሚሆነው፣ በተራመዱ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይታጠፋል። እርስዎ ደግሞ ዳገት ወጥተው ቁልቁለት የሚወርዱ ሰው ነዎት። ያን ቀን "ብረቱ ለቋል፤ በየሦስት ወሩ ይምጡ፤ መቀየርም ሊኖርበት ይችላል" ማለት ነበረብኝ። እርስዎ ወንበሩ ላይ ሆነው "እንዴት ነው ልጄ?" አሉኝ። እኔም "ሸጋ ነው አባ፣ ይሂዱ" አልኩ። ሸጋ የሚለውን ቃል እንኳ ለጆሮዎ እንዲጥም መርጬ ነው።

ለምን ቢሉኝ፣ መምህሬ ሳይኖር ብቻዬን የሠራሁት ሁለተኛው ኦፕሬሽን ነበር። ሁሉም ያመሰግነኝ ነበር። ቤተ ዘመዱ "የእታገኘሁ ልጅ የንስሐ አባታችንን በእግሩ አቆመ" እያለ ያወራ ነበር። ያን ማጣት ፈራሁ። በስድስት ወር አየዋለሁ አልኩ፤ ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ እኔም ሰበብ አገኘሁ። ኅዳር ላይ፣ ስልኩ ሳይጠፋ ደውዬ "ያምዎታል ወይ?" ያልኩዎትም ያ መስመር ከልቤ ስላልወጣ ነው። "ሸጋ ነኝ" አሉኝ። እፎይ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ፤ ዳግመኛም አልደወልኩም።

የተሰበረውን ፊት በማጉያ መነጽር አይቼዋለሁ። ከአራቱ እጅ ሦስቱ ለስላሳ ነው፤ የጣና ውኃ ሲሸሽ ዳር ላይ እንደሚተወው ያለ መስመር ተደራርቦበታል። ስንጥቁ ቀስ በቀስ የሄደበት መንገድ ነው። ሻካራው፣ በአንድ ጊዜ የተሰበረው፣ አንዱ እጅ ብቻ ነው። ጥምቀት ሲደርስ ብረቱ አልቆ ነበር። ያለ ታቦቱም በዚያ ሰሞን ከቤትዎ ደጃፍ ሲወጡ ይሰበር ነበር። እርስዎ አልሰበሩትም። ታቦቱም አልጣለዎትም።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ስለ ኪሎ የጠየቅኩዎት። እንደ ኑዛዜ ይቀበሉኝ።

ልጅዎ ኢዮስያስ


ወይራ አምባ፤ መጋቢት ፳፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ልጄ፤

እግዚአብሔር ይፍታህ። ቀኖናህ ሰባት ቀን፣ በቀን አርባ አርባ ስግደት ነው። የአንተ ጉልበት ደኅና ነውና እንዳትለግም።

ካህን ሆኜ የምጽፍልህ ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው የተራው ሰውዬ የቢያዝን ነው።

ተቆጣሁ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አንብቤ ክራንቹን ግድግዳው ላይ ወረወርሁት። ባንቺአየሁ ደንግጣ መጣችና "ምን አለህ ዶክተሩ?" አለችኝ። "ሰላምታ ነው" አልኋት። ክራንቹን አንሥታ ሰጠችኝ። በማግስቱ ህሩይ መጣ። ከሐኪሙ ደብዳቤ መምጣቱን ሰምቶ ኖሮ "ስለ ብረቱ ጻፈልህ ወይ? ለጉባኤው የሚሆን ነገር አለው?" አለኝ። ዝም አልሁ። ዝምታዬን ምን ብሎ እንደተረጎመው ከፊቱ አነበብሁት።

ገብቶሃል ወይ ልጄ? ለወር የለመንሁት እውነት እጄ ገባ፤ አንተ ግን ኑዛዜ ብለህ አሽገህ ሰጠኸኝ። ኑዛዜ የሰማ ካህን ቢሞት አይናገርም። እንዲሁ እንደ ሰው ለሰው ጽፈህልኝ ቢሆን፣ ወረቀቱን ይዤ ደጀ ሰላም ላይ ቆሜ ባነበብሁት ነበር። ለኑዛዜው ጎንደር ስንት ቄስ አለ! የእኔን አፍ መርጠህ ዘጋህብኝ። ሆነ ብለህ ይሁን ሳታስበው አላውቅም፤ አልጠይቅህምም።

ሌላ ዓይን እንዳያየው ደብዳቤህን ምድጃ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ጉባኤው ሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ይቀመጣል። ሲጠይቁኝ የምለው የለኝም።

እናትህን ሳምልኝ። ምንም እንዳትነግራት።

ቢያዝን


ጎንደር፤ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፤

ሆነ ብዬ ነበር። ሆነ ብዬ መሆኑን ያወቅኩት ግን ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ነው። እርስዎ እንዲያውቁልኝና ሌላ ሰው እንዳያውቅብኝ ፈልጌ ነበር። ይቅር ለመባል ቸኩዬ እርስዎን ረሳሁ።

ከዚህ ጋር ያለው ደብዳቤ ኑዛዜ አይደለም። አልታሸገም፤ እንኳየሁም መንገድ ላይ ልታነበው ትችላለች። እናቴ ሰምታለች፤ ራሴ ነገርኳት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ በሦስተኛው ቀን "ብረቱን በምን ጠቅልለህ ልትልከው ነው?" ብላ ንጹሕ ጨርቅ አመጣችልኝ።

ኢዮስያስ

ለወይራ አምባ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ

ጉዳዩ፦ የቄስ ቢያዝንን እግር ይመለከታል

እኔ ዶክተር ኢዮስያስ፣ የእታገኘሁ ልጅ፣ የቄስ ቢያዝንን ዳሌ የሠራሁ ሐኪም ነኝ። ያስገባሁት ብረት ከልካቸው ያነሰ ነበር። በዓመቱ በተነሣው ራጅ ላይ መልቀቁን አይቼ ደብቄአቸዋለሁ። ብረቱ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ውስጥ ውስጡን ሲሰነጠቅ ቆይቶ በጥምቀት ዕለት ተቆረጠ። የታቦቱ ቁጣ አይደለም። የካህኑም ኃጢአት አይደለም። የእኔ ጥፋት ነው።

ይህንኑ ለአለቆቼ በጽሑፍ አሳውቄአለሁ፤ የሚወስኑብኝንም እቀበላለሁ። የብረቱን ሁለት ስባሪዎች ልኬአለሁ። በመካከላችሁ ማረሻ የተሰበረበት ሰው ካለ ይየው። ጉባኤው ይህን ደብዳቤ ስሜን ሳይቀንስ እንዲያነበው እጠይቃለሁ።


ወይራ አምባ፤ ሚያዝያ ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለኢዮስያስ፤

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን። መልሱን ባለህበት በል፤ ከዚህ እሰማዋለሁ።

ስለ ሆሳዕናው፣ እንኳየሁ አፏን ሞልታ እንደምትነግርህ ባውቅም እጽፋለሁ። ደብዳቤህን በሕዝቡ ፊት ያነበበው ህሩይ ራሱ ነው። "የእኔ ጥፋት ነው" የሚለው ጋ ሲደርስ ማንበቡን አቁሞ ውኃ ጠየቀ። ከዚያ ብረቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሕፃናቱ ሊነኩት ሲጋፉ፣ ሴቶቹ "ይኸ ነው ሥጋው ውስጥ የነበረ?" እያሉ ፊታቸውን ሲያጨማድዱ፣ አያ ሰውአገኝ ዘንድ ደረሰ። አያ ሰውአገኝን ታውቀዋለህ፣ ስልሳ ዓመት ያረሰ ሰው ነው። በጋቢው ጫፍ ወልውሎ ወደ ፀሐይ አዞረውና "ይኸ የከረመ ስብር ነው" አለ። "ማረሻም እንዲህ ያደርጋል። ተሰንጥቆ ይከርምና ድንጋይ ሲነካ ይወድቃል። እኛ ድንጋዩን እንራገማለን።" ከዚያ በኋላ ጉባኤው የሚወስነው ነገር አልቀረውም። ህሩይ መጥቶ ጉልበቴን ሳመኝ፤ በታመመው በኩል ነበርና ጮኽሁበት።

ባልዋሽህ አንተን የተራገሙም ነበሩ። እንኳየሁ ተነሥታ "አንተ ምን ጥፋትህን ጽፈህ ታውቃለህ?" ብላ አንዱን አሳፈረችልህ። ከሦስቱ ቤት ሁለቱ ተመልሰዋል። ሦስተኛው ለፋሲካ ቅርጫ ሥጋ ልኮ ራሱ አልመጣም፤ ይመጣል።

አሁን የእኔን ስማ።

ልኩ የሆነ ኃጢአት አጣሁ ብዬህ ነበር። ዋሽቼህ ነው። ከመጀመሪያው ቀን አውቀዋለሁ። ጭኔ ከመስከረም ጀምሮ ያመኝ ነበር። ለመስቀል ችቦ ይዤ ስቆም ውስጡ ሲነቃነቅ ተሰማኝ። ባንቺአየሁ "ጎንደር ውረድ" ብላ ለመነችኝ፤ ተቆጣኋት። ኅዳር ላይ ስትደውልልኝ፣ ያን "ሸጋ ነኝ" ስልህ፣ በአንድ እጄ ጭኔን ይዤ ነበር የማወራህ። ያመኛል ብልህ ታወርደኛለህ፤ ካወረድኸኝ ታስተኛኛለህ፤ ጥምቀት ያልፈኛል። ሠላሳ ዓመት ያከበርሁትን ታቦት ሌላ ሰው ሲያከብር ቆሜ ማየት አቃተኝ። ትዕቢት ነው ስሙ። በዚያ ጊዜ እውነቱን ነግሬህ ቢሆን ታቦቱ በራሴ ላይ እያለ አልወድቅም ነበር።

አንተ "ሸጋ ነው" አልኸኝ፤ እኔ "ሸጋ ነኝ" አልሁህ። ብረቱ መካከላችን ሆኖ ለሁለታችንም ሲታጠፍ ከረመ።

የሚያሳፍረኝ ደግሞ ይኸ ነው። ህሩይ ደብዳቤህን ሲጨርስ ይህን ልናገር ክራንቼን ተደግፌ ተነሣሁ። የተነሣሁት ለምስጋና መሰላቸውና ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሰው ሁሉ ሲስቅልኝ አየሁ፤ ከጥር ወዲህ እንደዚያ ያየኝ አልነበረም። ተቀመጥሁ። ያንተን ስም እስከ መጨረሻው አስነበብሁ፤ የእኔን አልጨመርሁበትም። ፋሲካን የበላሁት ይህን ይዤ ነው።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ኑዛዜ አይደለም። ለኑዛዜ የእኔ የምለው አባት አለኝ፤ እሱ ጋ ሄጃለሁ። ለአንተ የምጽፈው እንድትይዝልኝ ነው። በዳግም ትንሣኤ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ ቆሜ እናገራለሁ። በሚቀጥለው ገበያ እንኳየሁ መጥታ "ተናገረ" ካላለችህ፣ ይህን ወረቀት ለህሩይ ላክለት። ያንብበው። ስሜን ሳይቀንስ።

አለቆችህ ምን እንደወሰኑብህ አልጻፍህልኝም። የፈለገውን ቢሆን ጻፍልኝ፤ ክፉም ቢሆን።

አንተም ይቅር በለኝ ልጄ። የቀጠሮዬንም ቀን ላክልኝ። ስመጣ "ያምዎታል ወይ?" ብለህ እንደገና ጠይቀኝ፤ ያመኛል እልሃለሁ።

ቢያዝን